ከዱባይ ጓንዡ ስንት ሰዓት ነው? ቲኬቱ ግራ አጋባኝ

የዴይራዋ፦
ሰላም ወገኖቼ። ዱባይ፣ ዴይራ ሰፈር ልብስ እሸጣለሁ፤ ዕቃ ላመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ልሄድ ነው። ቲኬቱ ላይ መሄጃው በፈረንጅ 10:20 ተነስቶ 21:45 ይገባል ይላል። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሊሞላ ምንም አልቀረው! መመለሻው ደግሞ 00:15 ተነስቶ 04:45 ዱባይ። መንገዱ ያው አይደል እንዴ? ቲኬት የቆረጠልኝን ልጅ ብጠይቀው «ቀጥታ በረራ ነው፣ አትጨነቂ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ባለካርቶኑ፦
እህቴ፣ ቲኬት ላይ መነሻውም መድረሻውም በየከተማው ሰዓት ነው የሚጻፈው። ጓንዡ ዱባይን በ4 ሰዓት ይቀድማል። ከመሄጃሽ 4 ቀንሺ፣ 7 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይሆናል፤ መመለሻሽ ላይ 4 ጨምሪ፣ 8 ሰዓት ተኩል። ርቀቱ በቀጥታ መስመር 5,800 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። የአንድ ሰዓቷ ልዩነት የነፋስ ናት፤ እላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፣ ስትሄጂ ይገፋሻል፣ ስትመለሺ ፊት ለፊት ይመጣብሻል። ክረምታቸው ላይ ይብሳል።

ይሄ ምንም አይደለም። እኔን ያስፈራኝ ያቺ 00:15 ናት። በእኛ ከሌሊቱ 6:15 መሆኗ ነው። እኛ ሌሊቱን የመሸው ቀን አካል አድርገን ነው የምንቆጥረው፤ እነሱ ዘንድ ግን እኩለ ሌሊት ካለፈ ሌላ ቀን ነው። የእኔ ቲኬት ሐሙስ ይል ነበር። ሐሙስ ማታ ሁለት ካርቶን የጫማ ናሙና ጋሪ ላይ ቆልዬ፣ ላቤን እየጠረግሁ ደረስኩ። ልጅቷ ፓስፖርቴን ሁለቴ አገላበጠች፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደኔ አዙራ ቀኑን በእስክሪብቶ ጫፍ ነካችልኝ። አውሮፕላኑ ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ ሄዷል። ካርቶኔን ተንተርሼ አደርኩ፤ አዲስ ቲኬት የገዛሁበት ገንዘብ የጫማውን ትርፍ በላው።

ሻኦቤይ፦
ባለካርቶኑ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ በገባሽ ማግስት ዕቃ አትግዢ። እዚያ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ለሰውነትሽ ገና ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እንቅልፍ ባዞረው ዓይን ጨርቅ አይመረጥም። እኔ ጥቁር ነው ብዬ የገዛሁት ሱሪ ቤት ስገባ ሰማያዊ ሆኖ ተገኝቷል። ከኤርፖርት ሻኦቤይ የሚባለው የጓንዡ ሰፈር ድረስ 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሆነ የሆቴልሽን አድራሻ በቻይንኛ አስጽፈሽ ያዢ። ሚያዝያና ጥቅምት ላይ የካንቶን ትርኢት የሚባለው የጓንዡ ትልቅ የንግድ ትርኢት ሲኖር ደግሞ የአልጋ ዋጋ አይቀመስም።

የዴይራዋ፦
ተባረኩ! ቲኬቱን አሁን ከፍቼ አየሁት፤ 00:15 እሁድ ይላል። ሆቴል የያዝኩት እስከ እሁድ ማታ ነው፣ የመጨረሻውን ዕቃም እሁድ ልረከብ ተስማምቼ ነበር። ቆይ ሰዎቹ ጋ ልደውል።