የዘጌው ድራማዬ፦ አባትየው ዝም ብሎ ክፉ ሆነብኝ፣ ሞታቸውም "አደጋ ነው" ተባልኩ

ጠያቂ (ባሕር ዳር)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለቲያትር ክበባችን ድራማ እየጻፍኩ ነው፤ ዘመኑ የጃንሆይ ጊዜ፣ ቦታው ጣና ዳር ያለው ዘጌ። ልጅቷ የባለ ቡና ልጅ ናት። ልጁ ደግሞ በታንኳ እንጨት ጭኖ ባሕር ዳር እየሸጠ የሚያድር ድሃ ነው። አባት ለሌላ ሊድራት ሲል ወደ ደሴቱ ገዳም ወደ ክብራን ገብርኤል ሲሸሹ ማዕበል ይገለብጣቸውና ይሞታሉ። ያነበበው ሁሉ ከላይ ያለውን አለኝ። ቅዳሜ ልምምድ ስለምንጀምር እባካችሁ ድረሱልኝ።

ጡረተኛው መምህር፦
"ሀብታም ስለሆነ ድሃ ናቀ" አይበቃም። ሽማግሌ ፊት "ልጄን ሰጥቻለሁ" ያለ ሰው አድርገው። ቃሉን ቢያጥፍ ነገ ሰንበቴው ላይ በምን ዓይኑ ሰው ያያል? ልጁን እየወደደ የሚጎዳት ያኔ ነው። የጥሎሹን ቀሚስ በገዛ እጁ ሲያጣጥፍላት አሳየን፤ ከዚያ በኋላ ቢቆጣም እናምነዋለን። ድሃውን ልጅ ግን አደራህን የስለት ልጅ እንዳታደርገው። "ፍቅር እስከ መቃብር" በ1958 ከወጣ ወዲህ፣ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለ አፍቃሪ ሁሉ በዛብህ ነው የሚባለው።

የዘጌ ልጅ፦
ኧረ ወንድሜ፣ ክብራን ሴት አይገባም! ግን እንዳትሰርዘው፤ ትልቁ ግጭትህ እሱ ነው። ልጁ ብቻውን ቢሆን መጠጊያ አለው፣ እሷን ይዞ ግን የለውም። ዳር ላይ መነኩሴው "አንተ ግባ፣ እሷ ትመለስ" ሲሉት ምን ያደርጋል? ደግሞ አባትየውን በሬ አታስጠምደው፤ ዘጌ ማረስ ነውር ነው።

ዓሣ አስጋሪው፦
ማዕበሉን ከሰማይ አታውርደው። ጣና ጠዋት ረጋ ይላል፣ ነፋሱ የሚበረታው ከሰዓት ነው፤ ይህን ደግሞ እንጨት የሚያመላልስ ልጅ ያውቃል። ስለዚህ ንጋት ላይ ይቅጠራትና እሷ ታርፍድ። ታንኳውንም አትርሳው። የሚሠራበት ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ አውጥተህ ፀሐይ ካላስመታኸው ይከብዳል፣ ዝቅ ብሎ ነው የሚሄደው። የጎረቤቱ ደረቅ ታንኳ አጠገቡ አለ፣ እሱ ግን "ሌባ" መባልን ፈርቶ የራሱን እርጥቡን ይዞ ይውጣ። ከክብራን ሲመለሱ ነፋሱ ያገኛቸዋል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ልጅቷ የምታረፍደው ግን በምን ምክንያት ነው?

የዘጌ ልጅ፦
እናቷን ሳትሰናበት መውጣት አልሆንላት ብሎ።

ጡረተኛው መምህር፦
እሱ ጥሩ ነው። እናትየው ነገሩ ገብቷታል በል፤ አፍ አውጥታ "አትሂጂ" ማለት ግን አልቻለችም። ቡና ታፈላለች። በረካ ሳይጠጣ መነሳት ደግ አይደለም ብላ ልጅቷን ትይዛታለች፤ እስከዚያ አባትየው ይደርስልኛል ባይ ናት።

ጠያቂ፦
ጋሼ፣ ሦስቱንም ስኒ መድረክ ላይ ካሳየሁ ተመልካቹ ይተኛብኛል።

ጡረተኛው መምህር፦
አቦሉን በወግ አሳይ፣ ቶናውን እለፈው። በረካው ሲቀዳ መብራቱን ወደ ልጁ አዙር፤ የዛፉን ጥላ እያየ ሰዓት ሲገምት።