የዕረፍት ጊዜ ስፖርት በሴትና በወንድ ተማሪዎች፦ የጋራ ፕሮፖዛሉ ላይ ውይይት

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በግቢያችን የሴትና የወንድ ተማሪዎችን የዕረፍት ጊዜ ስፖርት ለማጥናትና ለማሻሻል የምናቀርበው የፕሮፖዛል ረቂቅ ዓርብ ማታ ይዘጋል። መግቢያው ላይ «ሴት ተማሪዎች ለስፖርት ያላቸው ዝቅተኛ ፍላጎት» የሚል አለ። ምን ትላላችሁ?

የሴት ተማሪዎች ተወካይ፦ ይውጣ! ፍላጎቱን ማን ለካው? 11 ሰዓት ላይ ሜዳውን እዩት፤ ውስጡ ወንድ፣ ዳር ቆሞ ተራ የሚጠብቀውም ወንድ። መሮጥ የፈለገች ልጅ በዚያ ሁሉ ዓይን መሃል ነው የምትዞረው፤ የሚወረወርባትን ቃል ተዉት። ሲመሽ ደግሞ መብራት የለም። አዲስ አበባ ላይ በየዓመቱ የሚካሄደው የሴቶች 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ግን በሺዎች ይሞላል። በደራርቱ አገር ሴት ስትሮጥ ብርቅ የሚሆነው ግቢያችን ውስጥ ብቻ ነው መሰለኝ።

የስፖርት ሳይንስ መምህር፦ ልክ ነሽ፤ ግን ልዩነት የለም እንዳንል። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2022 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ግምት በዓለም ካሉ አዋቂዎች በቂ እንቅስቃሴ የማያደርጉት ከሴቶቹ 34፣ ከወንዶቹ 29 በመቶ ናቸው። በቂ የሚባለው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ወይም 75 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ነው። ይህ ይግባ።

የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ፦ ይግባ መምህር፣ ግን ያ ቁጥር ሥራውንም የእግር ጉዞውንም ደምሮ ነው። የእኛ ጥያቄ የዕረፍት ጊዜው ነው። የድርጅቱ መጠይቅ ሥራን፣ ጉዞንና መዝናኛን ለየብቻ ስለሚጠይቅ እሱን እንውሰድ። ከቤቷ የምትመላለስ ተማሪ ማታ ገብታ እንጀራ ስትጋግርና ልብስ ስታጥብ መጠይቁ ሥራ ብሎ ይይዝላታል። በድምሩ ንቁ ትባላለች፤ ለራሷ ያዋለችው ሰዓት ግን ዜሮ ሊሆን ይችላል። ድምሩን ብቻ ካቀረብን የምንፈልገው ነገር ያመልጠናል።

የእግር ኳስ ቡድን ተጠሪ፦ ሜዳውን ለሴቶች የከለከለ የለም እኮ። አምና የሴቶች ቡድን ብለን ማስታወቂያ ለጠፍን፤ ጥቂት ናቸው የመጡት።

የሴት ተማሪዎች ተወካይ፦ ወንድሜ፣ ማስታወቂያው «ልምድ ያላት» ይላል! ሃይስኩል ኳስ ያልሰጧት ልምዱን ከየት ታምጣ? ደግሞ ሁሉም ኳስ አይወድም። ዝግ አዳራሽና ሴት አሠልጣኝ ቢኖር ለኤሮቢክስ የሚመጡ ሂጃብ ለባሽ ጓደኞች አሉኝ።

አስተባባሪ፦ ጥሩ፣ «ፍላጎት» ወጥቶ «ልዩነቱና ምክንያቱ» ይግባ። መጠይቁን የጤናው ልጅ ያዘጋጅ፤ ከዋናው ጥናት በፊት በጥቂት ተማሪዎች ይሞከር። አዳራሹን እንጠይቃለን። ሜዳውስ? በሳምንት ሁለት ቀን ከ11 እስከ 1 ሰዓት ለሴቶች ብንል?

የእግር ኳስ ቡድን ተጠሪ፦ ሁለት ቀን በዛ። የዲፓርትመንት ውድድር አለብን፤ አንድ ይበቃል።

የሴት ተማሪዎች ተወካይ፦ ከሰባት ቀን ሁለት በዛ?

የስፖርት ሳይንስ መምህር፦ ሁለት ጻፉ፣ ማክሰኞና ሐሙስ። የውድድሩን መርሐ ግብር እኔ አስተካክላለሁ። መብራቱን ግን ከበጀቱ አናት ላይ አድርጉት፤ ታች ከሆነ ቀድሞ የሚሰረዘው እሱ ነው።