«አንሳይንድ ሎንግ ይበቃል»? ለየትኛው ማሽን?

ቢት ቆጣሪ፦ ትናንት የሊኑክስ ድራይቨሬን (መሣሪያ የሚያዝ ኮዴን) የገመገመው ሰው «ፊዝ_አድር_ቲ ምን ያደርግልሃል? አድራሻ ቁጥር ነው፣ አንሳይንድ ሎንግ ይበቃል» አለኝ። አይበቃም! ፊዝ_አድር_ቲ ሊኑክስ ለፊዚካል አድራሻ፣ ማለትም ሃርድዌሩ ለሚያውቀው አድራሻ፣ ያዘጋጀው የቁጥር ዓይነት ነው፤ አንሳይንድ ሎንግ ግን ስፋቱ ከማሽን ማሽን የሚለያይ የሲ ቋንቋ ተራ ቁጥር ነው። ባለ32 ቢት አርም ፕሮሰሰር በኤልፒኤኢ (አድራሻን በሚያሰፋው ቅጥያ) እስከ 40 ቢት ፊዚካል አድራሻ ይደርሳል፤ ሎንጉ ግን እዚያው 32 ላይ ነው።

የድሮ ሲ፦ ገምጋሚው እኔ ነኝ፣ አልሸሽም። ባለ64 ቢት ሊኑክስ ላይ ሎንግ 64 ነው። ይበቃል ያልኩት ለእሱ ብቻ ነው።

ቢት ቆጣሪ፦ «ብቻ»ን አሁን ጨመርካት። ፓቹ (የላክሁት የኮድ ለውጥ) ላይ በባለ32ም በባለ64ም እንደሚሠራ ጽፌያለሁ። 34 ጊጋባይት ላይ ያለ ሬጅስተር (የመሣሪያ መቆጣጠሪያ ቦታ) አድራሻው ከ4 ጊጋባይት ወደማያልፈው 32 ቢት ሲቆረጥ 2 ጊጋባይት ላይ ያርፋል። እዚያ የሌላ መሣሪያ ሬጅስተር ካለ የራሴን አበራሁ ብዬ የሰው አጠፋለሁ። ኮምፓይለሩም በተለመደው ማስጠንቀቂያ ትንፍሽ አይልም።

ሬጅስተር፦ ፊዚካል አድራሻ ሌላ፣ አይኦሪማፕ (ፊዚካል አድራሻን ድራይቨሩ ሊደርስበት ወደሚችል አድራሻ የሚያገናኝ የሊኑክስ ተግባር) የሚመልሰው ሌላ! ሁለተኛው አይኦሜም (የመሣሪያ ሜሞሪ) የሚል ምልክት ያለበት ቮይድ ፖይንተር፣ ማለትም የሚያመለክተው ነገር ዓይነቱ ያልተገለጸ ጠቋሚ፣ ነው። ወደ ቁጥር ቀይሮ የሚይዘው ሰው የስፓርስን (እንዲህ ያለ የዓይነት ስህተት የሚይዝ የኮድ መፈተሻ) ፍተሻ በገዛ እጁ ያጠፋል። ቀጥሎ በቮላታይል (ኮምፓይለሩ ንባቡን እንዳይዘል በሚያደርግ የሲ ቃል) ያነበዋል፤ ሪድኤል (ሬጅስተር ማንበቢያው የሊኑክስ ተግባር) የሚጠብቅለት የባይት ቅደም ተከተልና ባሪየር (የንባብና የጽሕፈት ተራ መጠበቂያ) ሁሉ ይቀራል።

የድሮ ሲ፦ ቮላታይል ያልኩት የት ነው? ጥቀስልኝ።

ሬጅስተር፦ አንተን አላልኩም። በየድራይቨሩ የማየውን ነው።

የቢኤስዲ ወዳጅ፦ ሌላው ስርዓተ ክወና ኔትቢኤስዲ ይህን በባስ_ስፔስ (በሬጅስተር መድረሻ ተግባራቱ) ዘግቶታል። ታግ (የባሱ መለያ) እና ሃንድል (የቦታው መያዣ) ይሰጥሃል፤ ሃንድሉ ውስጥ ያለው አድራሻ ይሁን ሌላ ድራይቨሩን አያገባውም።

የድሮ ሲ፦ ጥያቄው ስለ ሊኑክስ ነው፣ ወንድሜ። ደግሞ ፊዝ_አድር_ቲን ሎግ ላይ በፐርሰንት ፒኤ (ለአድራሻ በተመደበው የማተሚያ ምልክት) ለማተም ዋጋውን ሳይሆን የተለዋዋጩን ፖይንተር መስጠት ግድ ነው። ጀማሪ ሁሉ እዚያ ይሳሳታል።

ቢት ቆጣሪ፦ የሎግ ስህተት ወዲያው ይታያል። የተቆረጠ አድራሻ ግን ሦስት ቀን በልቶብኛል፤ የላይኞቹ 8 ቢቶች የት እንደገቡ ያገኘሁት መስመር በመስመር እያተምኩ ነው። «ይበቃል»ን ከግምገማው አንሣልኝ።

የድሮ ሲ፦ አላነሣም። ባለ32 ቢት ቦርድ ላይ ሲሰበር አሳየኝ።

ቢት ቆጣሪ፦ ማታ ሎጉን እለጥፋለሁ።

ሬጅስተር፦ ስትለጥፍ የስፓርስን ውጤትም ጨምር፣ እባክህ።