የሮክ ባንድ በአካል ስናዳምጥ ግጥሙ የማይሰማን ለምንድን ነው?

የለገጣፎዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ከለገጣፎ አለፍ ብሎ በሚገኝ፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ አዳራሽ ውስጥ፣ አራት ወጣቶች ያቋቋሙት የሮክ ባንድ ሥራውን ሲያቀርብ ከታናሽ እህቴ ጋር ሄጄ ተመልክቻለሁ። ወጣቶቹ አሳታሚም ስፖንሰርም የላቸውም፤ ዘፈኖቻቸውን ራሳቸው ደርሰው፣ ራሳቸው ቀድተው በዩቲዩብ የሚለቅቁ ናቸው። ለወራት በጆሮ ማዳመጫ ስሰማቸው ስለቆየሁ የድሮዎቹን ዘፈኖች ግጥም ከሞላ ጎደል በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የሄድሁትም ገና ያልለቀቋቸውን ሦስት አዳዲስ ዘፈኖች ለመስማት ጓጉቼ ነበር።

በደንብ እንዲሰማን ብለን ቀደም ብለን ደርሰን፣ ከመድረኩ ሥር፣ መሐል ለመሐል ቆምን። ቤዙ ሲመታ የቆርቆሮው ግድግዳ ይንቀጠቀጥ፣ ከጣሪያው ማገር ላይ ለዓመታት የተኛው አቧራም እየረገፈ በመድረኩ መብራት ውስጥ ይታይ ነበር። ሰውነቴ በሙሉ ሙዚቃውን ሰምቶታል ማለት እችላለሁ። ከድምፃዊቷ አፍ የሚወጣውን ቃል ግን አንዱንም ለይቼ መያዝ አልቻልሁም።

በሁለተኛው አዲስ ዘፈን መካከል መብራት ጠፋ። ጊታሮቹ በአንድ ጊዜ ጸጥ ሲሉ ድራመሩ ምቱን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ፤ ድምፃዊቷም ያለ ማይክ፣ በጨለማ ውስጥ መዝፈኗን አላቋረጠችም። በልጅነቷ ጤፍ ሲወቃበት ታውቀው በነበረው አውድማ ላይ ኮንዶሚኒየም ስለ መሠራቱ የሚናገር ግጥም እንደ ነበር የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ብዙዎቻችን በዚህ ዳርቻ ያደግን ሰዎች ስለሆንን አዳራሹ በሙሉ እስትንፋሱን ዋጥ አድርጎ አዳመጣት። ጄኔሬተሩ ሲነሣ ቃላቱ ተመልሰው ጠፉብኝ።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፦ ጥፋቱ የአዳራሹ ነው፣ የመሣሪያው ነው፣ ወይስ ሮክ በባሕርዩ ግጥም የማይሰማበት ሙዚቃ ነው? በሚቀጥለው ጊዜስ የት ብቆም ይሻለኛል?

ከሚክሰር ጀርባ፦

ጥያቄዎን ስላነሡት አመሰግናለሁ፤ በድምፅ ሥራ ላይ የተሰማራሁ በመሆኔ በየሳምንቱ የሚያጋጥመኝ ጉዳይ ነው። ከሁሉ በፊት የቆሙበት ቦታ ራሱ ለቃላቱ መጥፋት ትልቅ ምክንያት መሆኑን ልንገርዎት። በትንሽ አዳራሽ ውስጥ ድራሙና የጊታሮቹ አምፕሊፋየሮች ከመድረኩ ላይ በቀጥታ ወደ ፊተኛው ተመልካች ይጮኻሉ፤ የዘፋኟ ድምፅ ግን በማይክ አልፎ የሚወጣው ከመድረኩ ግራና ቀኝ ከተተከሉት ትልልቅ ስፒከሮች ብቻ ነው። እነዚያ ስፒከሮች የሚያዩት ወደ አዳራሹ መሐል ስለሆነ፣ ከመድረኩ ሥር መሐል ለመሐል የቆመ ሰው መሣሪያውን ሁሉ እየሰማ ድምፃዊቷን ያጣታል። ታዲያ ድምፃዊቷን ከፍ አታደርጉልንም ወይ ትሉ ይሆናል። ማይኩ ከእሷ ጎን ያለውንም ድራም ስለሚሰማ እሱም አብሮ ከፍ ይላል፤ ከልክ በላይ ከፍ ሲደረግ ደግሞ ስፒከሩ የሚያወጣውን ድምፅ መልሶ እየተቀበለ ያፏጫል።

ሁለተኛው ምክንያት አዳራሹ ነው። ድምፅ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ ከኋላዎ 20 ሜትር ርቆ ከሚገኝ ቆርቆሮ ተጋጭቶ ሲመለስ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በላይ ዘግይቶ ይደርስዎታል፤ በዚያ ላይ ከጎን ግድግዳዎችና ከሲሚንቶው ወለል የሚነጥረው ይደረባል። ይህ መደራረብ በማንኛውም ቋንቋ ላይ ችግር ነው፤ በአማርኛ ላይ ግን በተለይ ይከብዳል፤ ምክንያቱም በእኛ ቋንቋ ማጥበቅና ማላላት ትርጉም ይለውጣል። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ «እስካሁን» ማለት ነው፤ «ዋና»ም ሲጠብቅ አለቃ ወይም ቀዳሚ፣ ሲላላ በውኃ ላይ የሚደረገው ዋና ነው። የጠበቀውን ከላላው የሚለየው በጣም አጭር የሆነ የጊዜ ርዝመት ስለሆነ፣ አዳራሹ ያንን ክፍተት በገደል ማሚቶ ሲሞላው ቃሉ ይደፈርሳል። ቤዝ ደግሞ በቀላሉ የማይዋጥ ድምፅ በመሆኑ ቆርቆሮውን እያንቀጠቀጠ ሁሉንም ይሸፍነዋል። በግድግዳው ላይ ወፍራም መጋረጃ ወይም ብርድ ልብስ ቢሰቀል ግጥሙን ለመስማት ብዙ ይረዳል፤ አዳራሹ በሰው ሲሞላም የሰው ልብስና አካል ድምፅ ስለሚውጥ የተሻለ ይሰማል።

በሚቀጥለው ጊዜ ሚክሰሩ (የድምፅ ማስተካከያው መሣሪያ) ከተቀመጠበት ጠረጴዛ አጠገብ ይቁሙ። ባለሙያው ድምፁን የሚያስተካክለው እዚያ ቆሞ በሚሰማው ልክ ነው። ጆሮዎንም ይጠብቁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ እንዲህ ባሉ ቦታዎች አማካይ የድምፅ መጠን ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል፤ ከመድረክ ሥር ግን ከዚያ ማለፉ የተለመደ ነው።

ባለ ቤዙ ከሰበታ፦

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ እኔ ከሚጫወተው ወገን ያለውን ልጨምር። እኛ ሀገር አድማጭ ዘፈንን አስቀድሞ የሚይዘው በግጥሙ ነው፤ ሰሙንና ወርቁን ሳይለይ ዘፈኑን ሰማሁ አይልም። ሮክ ግን፣ በተለይ ኢንዲ የሚባለው፣ የድምፃዊውን ድምፅ ብዙ ጊዜ ከመሣሪያዎቹ እንደ አንዱ አድርጎ ከውስጣቸው ይከትተዋል። (ኢንዲ የሚለው ስም መጀመሪያ የሙዚቃውን ዓይነት ሳይሆን በትልልቅ አሳታሚዎች እጅ አለመሆኑን ብቻ ያመለክት ነበር፤ በእንግሊዝ አገር ራሱን የቻለ የኢንዲ ሙዚቃ የደረጃ ሠንጠረዥ መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው።) እኛ ይህን አሠራር እንዳለ ስንወስደው ከአድማጫችን ጋር የምንጋጨው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በቅኝት በኩልም አንድ የሚገርም ነገር አለ። የሮክ ጊታር ድምፁን በሚያሻክረው ዲስቶርሽን ሲጫወት በአብዛኛው መነሻውን ድምፅና አምስተኛውን ብቻ ነው የሚመታው። ይህ በትዝታ፣ በባቲና በአምባሰል ላይ ያለ ችግር ይገባል፤ ለዚህም ነው ከአሜሪካዊው ፕሮዲዩሰር ከቢል ላስዌል ጋር አልበም የሠራው ጃኖ ባንድ የሀገራችንን ዜማ በከባድ ጊታር ሲጫወት ለጆሯችን እንግዳ የማይሆንብን። አንቺሆዬ ላይ ግን ከመነሻው የሚቆጠረው አምስተኛ ድምፅ በቅኝቱ ውስጥ የለም። ስለዚህ እኛ አንቺሆዬ ስንሠራ ጊታሩ እንደ ክራር አንድ አንድ ክር ብቻ እንዲጫወት እናደርጋለን፤ በእነዚህ ዘፈኖች ላይ ደግሞ ሰው ግጥሙ በደንብ ተሰማን ይለናል። ከዚህ የተማርሁት፣ ቃል እንዲሰማ ከተፈለገ ድምፃዊውን ከማስጮኽ ይልቅ ጊታሩ ቦታ መልቀቅ እንዳለበት ነው። እነዚያ ልጆች መብራት ሲጠፋ የሆነውን ልብ ብለውት ከሆነ፣ በቀጣዩ ልምምዳቸው መብራት እያለም እንደዚያው ቢያደርጉት እመክራለሁ። እባክዎ ይጻፉላቸው፤ ትንሽ ባንድ እንዲህ ያለ አስተያየት የሚነግረው ሰው በጣም ያስፈልገዋል።

የድሮ ታዳሚ፦

ልጄ፣ የእኔ ምክር ስለ መመለሻው ነው። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለ ነበረ፣ ሙዚቃ ለመስማት ሆቴል የገባን ሰዎች በሩ ተዘግቶብን እስኪነጋ እዚያው እናድር ነበር፤ ባንዱም ሌሊቱን ሙሉ ይጫወታል። ዛሬ በሩ ክፍት ነው፤ ነገር ግን በከተማው ዳርቻ ታክሲ በጊዜ ስለሚጠፋ ሰው የመጨረሻዎቹን ዘፈኖች ትቶ ሲወጣ አያለሁ። ከእህትሽ ጋር የምትሄጂ ከሆነ የሚመልሳችሁን መኪና ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሪ። ደግሞም ጋቢ ያዢ፤ በዚያ አቅጣጫ ማታ ብርዱ አይቻልም።

የለገጣፎዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለባንዱ ትናንት ማታ ጽፌላቸው ነበር፤ ድምፃዊቷ ራሷ መለሰችልኝ። መብራት በጠፋባቸው ደቂቃዎች አዳራሹ እንደዚያ ማዳመጡን እነሱም አስተውለው ኖሮ፣ የአውድማውን ዘፈን የመጀመሪያ ሁለት አንጓዎች ካሁን በኋላ በአንድ ጊታር ብቻ ሊጫወቱት መወሰናቸውን ነግራኛለች። በሚመጣው ወር እዚያው አዳራሽ ይመለሳሉ። ብርድ ልብሱን በሚመለከት የአዳራሹን ጥበቃ ጠይቄ፣ ምስማር እስካልመታችሁ ድረስ መስቀል ትችላላችሁ ስላለኝ፣ ከሠፈራችን ቤቶች አሥር ያህል እየሰበሰብን ነው። ለጃንጥላና ለወንበር ማሰሪያ የምንጠቀምበት ገመድ ከጣሪያው ብረት ጋር ቢታሰር ክብደቱን ይችል እንደሆነ፣ ከሚክሰር ጀርባ ያሉት ወንድማችን ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ከሚክሰር ጀርባ፦

ይችላል። ብርድ ልብሶቹን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል አርቀው ይስቀሏቸው፤ ከቆርቆሮው ጋር ከተለጠፉ የሚውጡት ድምፅ ይቀንሳል። ካልበቁ ከመድረኩ ፊት ለፊት ያለውን የኋላ ግድግዳ ያስቀድሙ።