የዕቅድ ውይይት፦ ቤታቸው ሶልደር ለሚሠሩ አባላት የዓይን መከላከያ

(ሶልደር መሥራት ማለት የቦርድ ዕቃዎችን በቀለጠ ሊድ ማያያዝ ነው፤ ተናጋሪዎቹ በከተማቸው ስም ተጠርተዋል።)

ባሕር ዳር (ረቂቁን የያዘችው)፦ ለማኅበሩ የምናቀርበው የመጀመሪያው ሐሳብ ይህ ነው፦ «ቤታቸው ሬዲዮና ስልክ ለሚጠግኑ አባላት ለእያንዳንዳቸው አንድ መነጽርና አንድ ትንሽ ፋን ይገዛ።» አርሙት።

ደብረ ማርቆስ፦ እህቴ፣ «መነጽር» ብቻ ብለን ከተውነው ገዢው የፀሐይ ወይም የንባብ መነጽር ይዞ ይመጣል። የንባቡ ጎኑ ክፍት ነው። የፀሐዩ ስለሚያጨልም ሠራተኛው ለማየት ሲጎነበስ ፊቱን ጭሱ ውስጥ ይከታል። ሶልደር እንደ ኤሌክትሪክ ብየዳ ጥቁር መስታወት አይፈልግም። «ጥርት ያለ ፖሊካርቦኔት፣ ጎኑ የተሸፈነ፣ ኢኤን 166 (EN 166) ወይም ዜድ 87 (Z87) የሚል የዓይን መከላከያ ደረጃ ምልክት ያለበት» ይባል። የማየት መነጽር ላላቸው ከላይ የሚደረበው ዓይነት ይገዛ።

ፍኖተ ሰላም፦ ጋሼ ያሉትን እደግፋለሁ፤ ግን መቼ እንደሚደረግም ይጻፍ። ብዙ ሰው ሶልደሩን ሲጨርስ መነጽሩን ያወልቅና የካፓሲተሩን (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን ትንሽ ዕቃ) የሽቦ እግር ይቆርጣል። እኔ ከቀለጠው ሊድ ይልቅ የምፈራው ይህንን ነው፤ የተቆረጠው ሽቦ የት እንደሚፈናጠር አይታወቅም። ጫፉን በሌላው እጅ ጣት ይዞ፣ ቦርዱን ወደ ጠረጴዛው ደፍቶ መቁረጥ ነው።

ሊዱም ቢሆን የሚፈናጠርበት ምክንያት አለው። 60/40 ሊድ (60 በመቶ ቆርቆሮ፣ 40 በመቶ እርሳስ) 190 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ሙሉ በሙሉ ይቀልጣል፤ የሶልደር መሥሪያው ጫፍ ግን 350 ገደማ ነው። ጫፉ የሚጠረግበት ስፖንጅ ውሃ ካቆረ፣ ውሃው በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ሊዱን ይረጨዋል፤ እርጥበት ብቻ እስኪቀረው ይጨመቅ። ሊዱ በደንብ ያልቀለጠለት እግር በፒንሳ ሲጎተትም ድንገት ይለቅና ትኩስ ሊድ ወደ ፊት ይወረውራል። ተገልብጦ የተገጠመ ካፓሲተር ኃይል ሲያገኝ ሊፈነዳ ስለሚችል መነጽሩ የመጀመሪያው ሙከራ እስኪያልቅ አይውለቅ።

ቡሬ፦ ስለ ፋኑ፦ ዓይን የሚያቃጥለው ጭስ የእርሳስ ሳይሆን የፍላክስ (ሊዱ እንዲይዝ የሚረዳው ሙጫ መሰል ነገር) ነው፤ አስምም ይቀሰቅሳል። ፋኑ ከፊት ሆኖ ወደ ሰው ከነፋ ጉዳቱ ይብሳል። ባለ 12 ቮልት የኮምፒውተር ፋን ከቦርዱ ጎን አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ ጭሱን እየሳበ ወደ መስኮት ቢያወጣ በቂ ነው። እርሳሱ የሚቀረው እጅ ላይ ነው፤ በሳሙና ሳይታጠቡ ዓይን ማሸትም እህል መንካትም አይገባም።

ዳንግላ፦ ውሃ ረስታችኋል። ከጠረጴዛው አጠገብ ንጹሕ ውሃ የሞላ ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ይኑር። ፍላክስ ወይም የማጽጃ አልኮል ከገባ ሽፋሽፍቱን ከፍቶ ቢያንስ 15 ደቂቃ ማጠብ። ትኩስ ሊድ ከነካውም በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ እያጠቡ ወደ ሐኪም መሄድ፤ የተጣበቀውን መላጥ አይቻልም። ሽቦ ከተሰካ ግን አይታጠብ፣ አይታሽ፣ አይነቀል፤ ዓይኑን ሳይጫን በወረቀት ኩባያ ከልሎ በፍጥነት ሆስፒታል። ቅቤም የጡት ወተትም አይደረግበት፤ ይህ በግልጽ ይጻፍ።

ደብረ ማርቆስ፦ ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃስ?

ባሕር ዳር፦ መነጽሩ ይቅደም ጋሼ። በፋን ፋንታ መስኮት መክፈት ይቻላል፤ የመነጽር ምትክ ግን የለም። ረቂቁን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «በመጀመሪያ ምልክት ያለው ጥርት ያለ መነጽር ለእያንዳንዱ አባል፤ ቀጥሎ ጀሪካንና የመጀመሪያ እርዳታ ወረቀት፤ የተረፈ ካለ ፋን። መነጽሩ በመቁረጥም፣ በመንቀልም፣ በሙከራም ጊዜ ይደረጋል።» የመነጽሩን ዋጋ እርስዎ ከማርቆስ፣ እኔ ከዚህ ጠይቀን እናወዳድር፤ ወረቀቱን ዳንግላ ይጻፈው።