ውሾቻችንን ጭነት ማሸከምና ማስጎተት ለማስጀመር የቀረበ የጋራ ዕቅድ፦ የአባላት ውይይት፣ ሐዋሳ

የማኅበሩ ጸሐፊ
የተከበራችሁ አባላት፣ ባለፈው ስብሰባ በተስማማነው መሠረት ለከተማው አስተዳደር የምናቀርበውን ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ። ሥልጠናው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ዘወትር ቅዳሜ ጠዋት በሐይቁ ዳር የሚካሄድ ሲሆን፣ ውሾቹ በመጀመሪያ በጀርባቸው ቀላል ጭነት መሸከምን፣ ቀጥሎ ጎማ መጎተትን፣ በመጨረሻም ትንሽ ጋሪ መሳብን ይለማመዳሉ። ዓላማው ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስረው የሚውሉ ውሾች ጉልበታቸውን የሚያወጡበት ሥራ እንዲያገኙ ነው። እርማታችሁን በትሕትና እጠብቃለሁ።

የእንስሳት ሐኪም አባል
ቅደም ተከተሉን እደግፋለሁ፤ ሆኖም ዕድሜና ክብደት በምክር መልክ ሳይሆን በግዴታ መልክ ይጻፉልኝ። የውሻ አጥንት ጫፍ ላይ ያለው የማደጊያ ክፍል ሳይጠነክር ጭነት ካረፈበት መገጣጠሚያው ዕድሜ ልኩን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ከ18 ወር በታች የሆነ ውሻ ባዶ ከረጢት ለብሶ ከመራመድ ያለፈ ሥራ አይሰጠው፤ እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያሉ ትልልቅ ዝርያዎች ሁለት ዓመት ቢሞላቸው ይመረጣል። የጀማሪ ጭነት ከሰውነቱ ክብደት 10 በመቶ አይለፍ። 25 ኪሎ የሚመዝን ጤናማ የሐበሻ ውሻ ሁለት ኪሎ ተኩል ይሸከማል ማለት ነው፤ በሥራው የጠነከረ ውሻም ቢሆን ከ25 በመቶ በላይ ሊጫንበት አይገባም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወረቀት ያላቀረበ ባለቤት ደግሞ ጨርሶ አይመዝገብ።

ውሻ ሙቀቱን የሚቀንሰው በዋነኛነት በማለክለክ ስለሆነ ልምምዱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት ማለቅ ይኖርበታል። የሰውነቱ ሙቀት ወደ 41 ዲግሪ ከወጣ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ማለክለኩ አልበርድ ካለና እግሩ መንገዳገድ ከጀመረ ወዲያውኑ ጥላ ሥር አስገብቶ ሰውነቱን ውኃ ማፍሰስና ወደ ሕክምና ማድረስ ያስፈልጋል።

የሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ነዋሪ
ሰዓቱ ተገቢ ነው፤ ቦታው ግን ይታሰብበት። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሲግጥ አድሮ ወደ ውኃው የሚመለሰው ጎሕ ሲቀድ ነውና፣ በዚያ ሰዓት ደንገሉ ጥግ ከውሻ ጋር መገኘት አይገባም። ወደ ዓሣ ገበያው፣ ወደ አሞራ ገደል ብንጠጋ ደግሞ የዓሣው ሽታና አባ ኮዳው ባሉበት የትኛው ውሻ ትእዛዝ እንደሚሰማ እግዜር ይወቀው። ከታቦር ተራራ ግርጌ ያለው የአፈር መንገድ ለመዳፋቸውም ይሻላል።

ቀድሞ ጋሪ ይነዱ የነበሩ አባል
ዶክተር የተናገሩት ትክክል ነው፤ እኔ ግን ስለ ማሰሪያው ልጨምር። አምና የራሴን ውሻ፣ ለአህያ እንደማደርገው አስቤ፣ ከማዳበሪያ ከረጢት የሰፋሁትን ጭነት በሲባጎ አስሬ አስኬድኩት። ቤት ስንደርስ ከፊት እግሩ ብብት ሥር ጣት የሚያህል ቦታ ፀጉሩ ተልጦ ቆዳው ቀልቶ አገኘሁት፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ በኋላ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄጄ ሰፊ የቦርሳ ማንገቻ አሰፋሁና በውስጡ ፎጣ አስገባሁበት። ጭነቱ ወገቡ ላይ ሳይሆን ወደ ትከሻው ተጠግቶ ይረፍ። በግራና በቀኝ አንዳንድ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል፤ መንገድ ላይ ስትጠጡ ከሁለቱም እኩል ቀንሱ፣ አለዚያ ከረጢቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል።

ሲጎትት ደግሞ ገመዱ ከአንገት ማሰሪያው ጋር ፈጽሞ አይታሰር፤ ኃይሉ በደረቱና በትከሻው ላይ ይዋል፣ ጉሮሮው ነጻ ይሁን። የባጃጅ ጎማውን መጀመሪያ ሰው አጠገቡ እየጎተተ ድምፁን ያለማምደው። አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፦ በረቂቁ ላይ ለማስነሻ የተመረጠው «ሂድ» የሚለው ቃል ይቀየር። የሰፈራችን ውሻ ይህን ቃል የሚያውቀው ከድንጋይ ጋር ነው። እኛ ፈረሱን «በል» ነው የምንለው፤ ውሻውንም «በል»፣ «ቁም»፣ «ቀኝ»፣ «ግራ» ብንለው ይበቃል።

ወጣት አባል
ጋሼ ያነሱትን ስለ ትእዛዙ ቃል ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ጋሪ መሳብ የቻሉ ውሾች ውኃ በጀሪካን እያመላለሱ ለማኅበሩ ገቢ ቢያስገኙስ?

የእንስሳት ሐኪም አባል
ይህን አልደግፍም። በእንግሊዝ የውሻ ጋሪ በለንደን እ.ኤ.አ. በ1839፣ በመላው አገሪቱ ደግሞ በ1854 በሕግ የተከለከለ ሲሆን፣ ከምክንያቶቹ አንዱ በኪራይ ሥራ ላይ በውሾቹ ይደርስ የነበረው እንግልት ነው። ገንዘብ ከገባበት የ10 በመቶውን ወሰን የሚያከብር አይኖርም።

የማኅበሩ ጸሐፊ
የገቢው ሐሳብ በረቂቁ አይካተትም። ቦታው ወደ ታቦር ግርጌ፣ «ሂድ» የሚለው ወደ «በል» ተቀይሯል፤ ዕድሜ፣ ክብደትና ክትባት በግዴታ አንቀጽ ሥር ገብተዋል። ጋሪው እስከ ጥር ይቆይ ብዬ ጽፌአለሁ፤ እስከዚያ ከረጢቱና ጎማው በቂ ሥራ ናቸው። የቀረን ሚዛን ብቻ ነው። ባለቤቱ ውሻውን አቅፎ ከተመዘነ በኋላ የራሱን ክብደት መቀነስ ስለሚቻል ተራው የሰው ሚዛን ይበቃናልና፣ ያለው አባል እስከ ሐሙስ ያሳውቀኝ።