ተማሪዎቼ ስለ ራሳቸው ሲጽፉ የቀብር ንባብ ይሆንብኛል፤ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ፣ የሙያ ባልደረቦቼ። አዲስ አበባ ውስጥ 9ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። «ማንነታችሁንና ባህላችሁን የሚያሳይ አንድ ገጠመኝ ጻፉ» ብዬ 58 ወረቀት ሰበሰብኩ። አብዛኞቹ የሚጀምሩት «ከአባቴ ከአቶ እገሌ፣ ከእናቴ ከወይዘሮ እገሊት ተወለድኩ» በሚል ነው። ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ እንጂ የ15 ዓመት ልጅ ጽሑፍ አይመስልም። ባህል የተባለውም አደይ አበባ፣ ዶሮ ወጥና የቡና ሥርዓት ሆኖ ቀረ።

ይበልጥ ያስጨነቀችኝ ግን አንዲት ተማሪ ናት። ስለ ደመራ የጻፈችው ከመማሪያ መጽሐፍ የተገለበጠ ይመስላል። በእረፍት ሰዓት ስታጫውተኝ ደግሞ ሌላ ሰው ሆነች፦ አባቷ ከዶርዜ መጥተው ሽሮ ሜዳ ሸማ ይሠራሉ፤ ማታ ማታ ማግ በቀሰም ታጠነጥንላቸዋለች፤ የመወርወሪያው ድምፅ ካልተሰማ እንቅልፍ አይወስዳትም። «ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍሽም?» ብላት «መምህር፣ ይስቁብኛል» አለችኝ። በሸማኔ ልጅነቷ ስንት ጊዜ እንደተሰደበች መገመት አያቅተኝም፤ ልገፋፋትም ፈራሁ።

ለማሳያ ብዬ የራሴን የልጅነት ገጠመኝ አነበብኩላቸው። በሳምንቱ ግማሾቹ ያንኑ የእኔን ታሪክ ስም ቀይረው አመጡልኝ!

የሞከራችሁት ዘዴ ካለ እባካችሁ አካፍሉኝ። ከመጻፋቸው በፊት በቃል ተናግረው ቢጀምሩ ይሻላል ወይስ ስለ አንድ የቤት ዕቃ ብቻ ላጽፋቸው? ጮክ ብሎ ማንበቡንስ ላስቀረው? ደግሞስ የልጅን ሕይወት ከ10 ስንት ብዬ ነው የማርመው? ቀጣዩ የጽሕፈት ክፍለ ጊዜ ማክሰኞ ነው።